የበቀለች ሲንቄ

እትዬ አባይነሽ ሰው መጠርጠር ይወዳሉ ብል ሐሜት ይሆንብኛል። ግን ይወዳሉ፤ ምን ላድርግ። ወተት የምታመጣላቸውን ሴት ውኃ ቀላቅላ ይሆናል ይላሉ። የጎረቤት ዶሮ ጓሯቸውን ከጫረች ባለቤቷ ልካት ነው። ቄሱ እንኳ ጠበል ሲረጩ እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ያጥራል ብለው ያኮርፋሉ። አሰላ ተወልደው፣ አሰላ ተድረው፣ ባላቸውን ወልደ ጊዮርጊስን አሰላ የቀበሩ ሴት ናቸው። በዚህች ዓለም ላይ ጠርጥረውት የማያውቁት ሰው ቢኖር ልጃቸው ኃይለመስቀል ብቻ ነው። ያላቸውም እሱ ነው። ከከተማው ወደ በቆጂ መውጫ፣ መንገዱ ዳር ጎማ እየጠገነ የሚያድር ጎሚስታ ነበር።

ሚስቱን በቀለችን ግን ከሠርጓ ቀን ጀምሮ በጎሪጥ ነው የሚያይዋት። ምን አጠፋች ብትሏቸው ቀጥ ያለ መልስ የላቸውም። ሥራ አትፈራም፣ አፍ አትመልስም። ይኸው ነው እንግዲህ ጥፋቷ፤ ዝም ትላለች። ሰው እንዴት ሲሰድቡት ዝም ይላል ይላሉ እትዬ አባይነሽ፤ ሌላ ያሰበው ነገር ከሌለ በቀር። እናቷ ሎሚ ከገጠር ስትመጣ ደግሞ እናትና ልጅ ጓዳ ገብተው በኦሮምኛ ያንሾካሹካሉ። እትዬ አባይነሽ ገብስና ቅቤ ሲገዙ የሚከራከሩበት ኦሮምኛ አላቸው። ለሹክሹክታ የሚሆን ግን የላቸውም። ስለዚህ ጓዳ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ስለ እሳቸው ይመስላቸዋል።

ያን ዓመት መስቀል እንዳለፈ ኃይለመስቀል ሥራ መሄድ አቆመ። ወገቤን አሞኛል አለ። ወገቡን የታመመ ሰው ይተኛል፤ እሱ ግን አይተኛም። ቀኑን ሙሉ ጓዳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያያል። የውጭ በር ሲንኳኳ ብድግ ይልና ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ አይተነፍስም። የሚወደውን ገንፎ አንድ ሁለቴ ጎርሶ ይተወዋል። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ሲሉት እግሬ አይችልም ይላል።

«ከዚህ ከአፈሳው ከሆነ የፈራኸው አትፍራ» አሉት አንድ ቀን። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ወጣት ከመንገድም ከቤትም እየታፈሰ ይሄድ ነበር። «ጓድ አልጣሽ ነግራኛለች። የመበለት አንድ ልጅ አይነካም፤ እኔ አለሁልሽ ብላኛለች።»

ጓድ አልጣሽ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ኃይለመስቀል ቀና አለ። «ስለ እኔ አወራሽላት እንዴ እማዬ?»

«ምን አወራለሁ? ልጄ አሞት ቀኑን ሙሉ ቤት ነው የሚውለው አልኳት።»

ፊቱ ልውጥ አለ። ቀስ ብሎ ወደ በቀለች ዞረ፤ ተያዩ። እትዬ አባይነሽ ያቺን አስተያየት አልወደዷትም።

በዚያው ሰሞን የከሊፋ ሚስት ወሬ ከተማውን ሞላው። ከሊፋ ከታች ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ነው። አፋሾቹ ታናሽ ወንድሙን ፍለጋ ሲመጡ ሚስቱ ከጓዳ አንድ ቀጭን ዘንግ አውጥታ ደጃፉ ላይ አግድም አስቀመጠችው። እነዚያ ጠመንጃ የያዙ ወንዶች እንጨቷን እያዩ ተገትረው ቀሩ። ቱሳ የሚባለው የቀበሌው ጥበቃ ከፊት ነበር። ቆሞ፣ ቆሞ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ተመለሰ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጓድ አልጣሽ ይህንን በስብሰባ ላይ አንስታ ኋላ ቀር ጥንቆላ ነው ብላ አወገዘችው። እትዬ አባይነሽ ከስብሰባው የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነው። እንጨት የወንድ እግር ያስራል ማለት ነው። ቤታቸው ደግሞ እግሬ አይችልም የሚል ልጅ አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ሎሚ ከበቆጂ በኩል በመጣ አውቶብስ ወረደች። እንደ ልማዷ ቅቤ ይዛለች፤ ከቅቤው ሌላ ግን በማዳበሪያ የተጠቀለለ ረዥም ነገር በብብቷ ሥር አለ። እትዬ አባይነሽ በሩ ላይ ቆመው «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«የልጄ ዕቃ ነው» አለች ሎሚ።

እናትና ልጅ ጓዳ ገቡ። ኃይለመስቀልም አብሯቸው ነበር። ሹክሹክታው ረዘመ። ሎሚ ስትወጣ እጇ ባዶ ነው። በቀለች ቦኖ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ጠብቀው እትዬ አባይነሽ ከአልጋው ሥር ፈለጉ፣ ከሳጥኑ ኋላ ፈለጉ፣ የገብሱን ጎታ ሳይቀር ነካኩት። የለም። የልጇ ዕቃ ከሆነ ምን አስደበቃት? ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር ነጋ።

የተደበቀውን ዕቃ ያጋለጠው ቅቤ ነው። የጓዳው ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር፤ ወልደ ጊዮርጊስ በሕይወት ሳለ ወጥሮ የሰፋው። ፀሐይ ከረር ባለችበት ቀን ቆርቆሮው ሲግል አቡጀዲው ላይ አንድ የወዝ መስመር ብቅ አለ። ቀጥ ያለ፣ ረዥም፣ ልክ ከልጃቸው አልጋ በላይ። እትዬ አባይነሽ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት።

ልጁን ጓሮ ፀሐይ ሙቅ ብለው አስወጡት። እንደምንም አልጋው ላይ ወጥተው የአቡጀዲውን ስፌት በመቀስ ተረተሩና እጃቸውን ሰደዱ። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሲፈቱት ቀጭን ዘንግ ነው፤ ልጡ ተልጦ፣ በጢስ በስሎ፣ ቅቤ ጠጥቶ ጠጥቶ ጥቁር ቀይ ሆኗል። አንድ ጉጥ የለበትም። ብዙ ጊዜ ወስዶ፣ በስስት የተሠራ ዕቃ መሆኑ ያስታውቃል። እጃቸው ላይ የቀረውን ወዝ በቀሚሳቸው ሲጠርጉ ሽታው አብሮ ቀረ።

ምንነቱን አውቀዋል። አሰላ ተወልዶ ሲንቄ የማያውቅ ማን አለ? የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ነው። ያወቁት ግን በልጅነታቸው ባዩት በኩል ብቻ ነው። ከእናታቸው ጋር ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ሴቶች ይህንኑ ዘንግ ይዘው አንድ ሰውዬ ደጅ ቆመው ነበር። አራስ ሚስቱን መትቷል። ሴቶቹ በትራቸውን እያነሱ ረገሙት። እናታቸው ፊታቸውን በነጠላ ሸፍና «አትዪ፣ ነይ» ብላ ጎተተቻቸው። ሰውዬው ለፋሲካ አልደረሰም ሲባል ሰሙ። እውነት ይሁን ወሬ የጠየቀ የለም፤ እትዬ አባይነሽም አልጠየቁም። ለእሳቸው ሲንቄ ማለት ከዚያን ቀን ጀምሮ የእርግማን በትር ነው። ደግሞስ የበቀለች አባት ባጫ ጴንጤ ሆኖ ይህንን ሁሉ ጥያለሁ ብሎ የለም? በሠርጓ ቀን ልጅቷ ባዶ እጇን ነው የመጣችው። ያን ጊዜ ያልመጣው ዛሬ፣ ልጃቸው እግሩን በታሰረ ሰሞን፣ ምን ሊያደርግ መጣ?

የተረተሩትን ስፌት ለጊዜው በመርፌ ያዝ ያዝ አድርገው፣ ዘንጉን ከጃንጥላ ጋር አስተባብረው በጋቢ ጠቀለሉና መሪጌታ ወልደአማኑኤል ዘንድ ሄዱ። መሪጌታ ክታብ በመጻፍ የታወቁ ናቸው። መስተፋቅር ለፈለገም፣ ጠላቱ እንዲደነዝዝለት ለፈለገም እንቢ ብለው አያውቁም ይባላል። ከጓሯቸው ተቀምጠው ለክታብ የሚሆን የቆዳ ማኅደር ይሰፋሉ። አጠገባቸው የብራና ቁራጭ፣ በቀንድ ውስጥ ቀይ ቀለም፣ ከማረሻ ስባሪ የተቀጠቀጠ ወፍራም ሚስማር አለ። ሚስማሩ በጥቁር ክር ተጠምጥሟል፤ መተት የተቀበረበት ደጅ ላይ የሚመታ ነው። እትዬ አባይነሽ ሚስማሩን ሲያዩት ደስ አላቸው። ጋቢውን ፈቱ።

መሪጌታ መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ይሄን የት አገኙት?»

«ከልጄ አልጋ በላይ፣ ኮርኒስ ውስጥ ተሸጉጦ።»

«የማን ነው?»

«የምራቴ።»

«እንግዲያው ወስደው ካገኙበት ይመልሱት።»

«እኔ የመጣሁት እንዲያከሽፉልኝ ነው።»

«የሚከሽፍ ነገር የለበትም። አልተጻፈበት፣ አልተደገመበት። ቅቤ ነው የተቀባ።»

«ታዲያ ለምን አይነኩትም?»

«የሴት ነዋ ወይዘሮ አባይነሽ። እናት ለልጇ የሰጠችው ነው። እኔ በማላውቀው አልገባም» አሉና መርፌያቸውን አነሱ። «ይልቅ ልጅቷን ይጠይቋት።»

እትዬ አባይነሽ እየተቆጡ ተመለሱ። ዶሮ ይዞ ለመጣ ሁሉ አጋንንት የሚያስር ሰው ዛሬ ምን አስፈራው? በመንገዳቸው ላይ መልሱ መጣላቸው። የመሪጌታ ሚስት ቅቤ የምትገዛው ከሎሚ ነው። በቃ። ወይ ተነጋግረዋል፣ ወይ ደግሞ ነገሩ ከእሱ አቅም በላይ ነው። በሁለቱም በኩል ልጃቸውን የሚያድነው የእናት እጅ ብቻ ነው።

መጠየቅ እኮ ቀላል ነበር። ልጅቷ እዚያው ቤት ናት፣ ጎመን እየቀነጠሰች። «ይሄ ምንድን ነው በቀለች?» ቢሏት ትነግራቸው ነበር። እትዬ አባይነሽ ግን የጠረጠሩትን ሰው ጠይቀው አያውቁም። ይዋሸኛል ብለው ያምናሉና።

በማግስቱ በቀለች ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ ልጃቸውንም እንደ ትናንቱ ጓሮ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ መጥረቢያ አነሱ። እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ ሁለቴ ነጠረባቸው። በመጨረሻ ተሰበረ፤ ቆራርጠው ምድጃው ውስጥ ከተቱትና አማተቡ። አንድ ነገር ይጮኻል፣ አንድ ነገር ይወጣል ብለው ራቅ ብለው ቆሙ። ምንም አልጮኸም። ቅቤ የጠጣ እንጨት ስለሆነ ጥሩ አድርጎ ነደደ፤ ቤቱን ደስ የሚል ጢስ ሞላው። እሳቱ እንዲያው እንዳይባክን ብለው የገብስ ሾርባ ጣዱበት። ሙያቸው ነው፣ ምን ይደረግ። ከዚያ ከጓሮ የአሮጌ አካፋ እጀታ አምጥተው በዚያው ነጭ ጨርቅ ጠቀለሉና ኮርኒሱ ውስጥ መልሰው፣ ስፌቱን ሰፉት። ያለቀለት ክፋቷን እየጠበቀች ትኑር አሉ በልባቸው።

ኃይለመስቀል ያን ቀን ሾርባውን ጠጥቶ ጨመረ። «ዛሬ ምን ብታደርጊበት ነው እማዬ፣ ይጥማል» አለ። ከበላም በኋላ ወደ ጓዳ አልሮጠም፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እያወራ አሳቃቸው። በቀለችም ሳቀች። እትዬ አባይነሽ ልጃቸውን እያዩ አማተቡ። እግሩ ተፈታ አሉ። በዚያች ቀን ከእሳቸው የበለጠ ደስተኛ ሰው አሰላ ውስጥ አልነበረም።

አፋሾቹ የመጡት የገበያ ቀን ጠዋት ነው። እትዬ አባይነሽ ደጅ ገብስ ያሰጣሉ። በአጥሩ በር ገቡ፤ ከፊት ቱሳ፣ ከኋላው ሁለት ጥበቃዎችና አንድ በሰፈሩ የማያውቁት ካድሬ። ቱሳ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «እንደምን አደሩ እትዬ» አላቸው። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር።

«ተሳስታችኋል» አሉ እትዬ አባይነሽ። «ጓድ አልጣሽን ጠይቋት። የእኔ ልጅ አይነካም።»

«ቀኑን ሙሉ ቤት እንደሚውል የነገረችን ጓድ አልጣሽ ናት» አለ ካድሬው።

እትዬ አባይነሽ ከካድሬው ዞር አሉ። ቤት ውስጥ ጥድፊያ ሰሙ፤ አልጋ ሲንቋቋ፣ አቡጀዲ ሲቀደድ። ካድሬው ወደ በሩ ሊሄድ ሲል ቱሳ ክንዱን ዘረጋ። «ቆይ ጓድ። ሚስትየዋ ትውጣ መጀመሪያ።» እሱም ደጃፉ ጋ ሄዶ ቆመ። አልገባም። ወደ ውስጥ እያየ፣ የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ሰው፣ ዝም ብሎ ቆመ።

በቀለች ሆዷ እየገፋት ሮጣ መጣች። አምስተኛ ወሯ ነበር። ነጩን ጥቅል በሁለት እጇ ይዛለች። ደጃፉ ላይ፣ ቱሳ እግር ሥር፣ አግድም አስቀመጠችው። የቱሳ ትከሻ ሲወርድ እትዬ አባይነሽ አዩ። እፎይ ያለ ሰው ፊት ነው። ሊዞር ነው። ሁለቱም ጥበቃዎች አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለዋል። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባቸው፤ የከሊፋ ሚስት፣ የሎሚ ጥቅል፣ ልጁ የሚደነግጥበት በር፣ ጓዳ ውስጥ ሦስቱ የተማከሩት። ሴት ሲንቄዋን ያጋደመችበትን ደጅ ወንድ አይሻገርም፤ ለልጃቸው ነበር። የተደበቀውም ከቀበሌ፣ ከጓድ አልጣሽ፣ ከእሳቸው አፍ ነበር።

«አትፍቺው» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ዘገዩ። በቀለች ጨርቁን ገልጣለች።

ግራጫ የአካፋ እጀታ ነው። ጫፉ ላይ የዝገት ቀለበት፣ የሚስማር ቀዳዳ አለበት። ከጥበቃዎቹ አንዱ ሳቀ። ቱሳ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው፤ ቅቤ የለበትም። እንዳጎነበሰ በኦሮምኛ ጠየቃት፤ ለእትዬ አባይነሽ እንኳ የሚገባ የገበያ ኦሮምኛ ነበር።

«ሲንቄሽ የት አለ እህቴ? እሱን አምጪልኝ። እጠብቅሻለሁ።»

በቀለች ቀስ ብላ ቀና አለችና አማቷን አየች። አልተቆጣችም፣ አልጮኸችም። ብቻ አየቻቸው።

«ምን ይጠበቃል?» አለ ካድሬው። «ለዱላ ነው እንዴ የቆምነው?»

ቱሳ የአካፋውን እጀታ አነሳ። ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ እንዳይወድቅ አስተካከለው። ከዚያ ገባ።

ኃይለመስቀል ሳይጎትቱት ወጣ። በአጥሩ በር ሲያወጡት እትዬ አባይነሽ የቱሳን እጅጌ ይዘው ተከተሉት። «ልጄ፣ ነበራት እኮ። እውነተኛው ነበራት። እኔ ነኝ» አሉት። ቱሳ ቆም ብሎ ሰማቸው። «አውቃለሁ እትዬ» አለ። «ግን እሱ ራሱ ደጃፉ መሬት ላይ መኖር አለበት።» እጅጌውን በቀስታ አስለቀቀና ሄደ። ኃይለመስቀል ከመንገዱ ዞር ብሎ «እማዬ፣ በቀለችን አደራ» አለ። ወደ ላይ፣ መኪናው ወደቆመበት ወሰዱት።

እትዬ አባይነሽ መኪናው እስኪጠፋ መንገድ ላይ ቆመው ተመለሱ። በቀለች ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጩን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ እያጠፈች።

«የት አደረጉት እማማ?»

«አነደድኩት» አሉ እትዬ አባይነሽ። «ሾርባ ሠራሁበት። ይጥማል ያለው ያን ነው።»

በቀለች ጨርቁን እንደገና አጠፈችው።

እትዬ አባይነሽ በዕድሜያቸው ሙሉ ያልጠየቁትን ጠየቁ። «አባትሽ እንቢ ብሎ አልነበር? በሠርግሽ ቀን የከለከለው እሱ አይደለም?»

«እሱ ነው» አለች በቀለች። «እናቴ ደብቃ ቅቤ ስትቀባልኝ ኖረች። አፈሳው ሲጀመር ግን አባቴ ራሱ አወጣው። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ውሰጂላት አላት። ለኃይሌ ብሎ።»

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። እትዬ አባይነሽ ያንን ዝምታ ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምተውታል። ያሰጡት ገብስ ላይ የጎረቤት ዶሮዎች ወጥተው ይለቅሙ ነበር፤ እሽ ያላቸው የለም። ወደ ቤት ለመግባት ደጃፉ ላይ የተቀመጠችውን በቀለችን ተራምዶ ማለፍ ነበረባቸው። እግራቸውን አነሱ፣ መለሱት። እዚያው ውጭ ቆመው ቀሩ።